ትንሽ የመዝናኛ ሐይቅ ላላችሁ፦ ግድቡን በወሎ ወቅቶች መጠበቅ

ሐይቅና አርዲቦ የተባሉት የወሎ ሐይቆች ተፈጥሮ ያበጀቻቸው ናቸው፤ ግድብ የላቸውም፣ ግድብ ጠባቂም አያሻቸውም። በሸለቆ አፍ ላይ አፈር ተቆልሎ የታቆረ ውኃ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዳር ላይ ዳስ ቢጣልበት፣ ጀልባ ቢንሳፈፍበት፣ ቡና ቢፈላበት፣ ውኃውን ይዞ ያቆመው የተደቀደቀ አፈር ነው። ከግርጌው ወረድ ብሎ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የማሽላ ማሳ፣ ቤት ወይም የመኪና መንገድ ይኖራል።

ይህ መመሪያ ከ3 እስከ 10 ሜትር ቁመት ያለው የአፈር ግድብ በእጃቸው ላለ ሰዎች ነው፦ ለማኅበራት፣ ለሎጅ ባለቤቶች፣ ለውኃ አባቶች፣ ለጥበቃዎች። አዲስ ግድብ መሥራት የመሐንዲስ ሥራ ስለሆነ እዚህ አልገባንበትም።

የአፈር ግድብ በብዛት የሚፈርሰው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ውኃ በአናቱ ላይ ያልፋል፣ ወይ ውኃ በሆዱ ውስጥ መንገድ ያበጃል። የመስኖ ግድብ በበጋ ስለሚጎድል ፋታ ያገኛል። የመዝናኛ ሐይቅ ግን እንግዳ ሙሉ ሆኖ ስለሚወደው ዓመቱን ሙሉ እስከ አፉ ይያዛል። ከዚህ በታች ከሚመጡት ችግሮች አብዛኞቹን የሚያባብሳቸው «ሐይቁ ይሙላ» የሚለው ፍላጎት ነው።

ግድባችሁን ለኩት

የግድቡን ክፍሎች በስም ለዩ። በውኃው በኩል ያለው ተዳፋት ደረቱ፣ በተቃራኒው ያለው ጀርባው፣ ላዩ አናቱ፣ ጀርባው ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ግርጌው ይባል። ትርፍ ጎርፍ የሚወጣበት ክፍት ቦይ ማስተንፈሻ ነው። ስልክ ተደውሎ «ከግርጌው በግራ በኩል ውኃ ወጣ» ሲባል ሁሉም አንድ ቦታ እንዲረዳ ስሙ አንድ ይሁን። ግራና ቀኝ የሚባለውም ፊትን ወደ ወንዙ መውረጃ አዙሮ ሲታይ ነው።

የውኃውን መጠን ለመገመት የሐይቁን ስፋት በጥልቁ ቦታ ጥልቀት አባዙና ውጤቱን በ0.4 አባዙ። 2 ሄክታር ስፋትና 6 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ 48,000 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል፤ ይኸውም 48,000 ቶን ማለት ነው። ከታች ያሉትን ሰዎች ስትቆጥሩ ይህ ቁጥር ፊታችሁ ይኑር።

ለዚህ ዓይነት ግድብ አናቱ ቢያንስ 3 ሜትር ይስፋ። ደረቱ ለ1 ሜትር ከፍታ 3 ሜትር፣ ጀርባው ለ1 ሜትር ከፍታ 2.5 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሂድ። ከማስተንፈሻው ወለል እስከ ግድቡ አናት ቢያንስ 1 ሜትር መኖር አለበት። ጀርባው ከዚህ ይልቅ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ለመሐንዲስ አሳዩት።

አናቱ እኩል መሆኑን በዓይን አትመኑ። ግንበኛ የሚጠቀምበትን ውኃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይዛችሁ በየ10 ሜትሩ ለኩ። ከብት የሚሻገርበት፣ ባጃጅ የሚመላለስበት ቦታ ብዙ ጊዜ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ጎርፍ ሲመጣ ሁሉም ውኃ ወደዚያች ዝቅታ ይሄዳል፤ የግድቡ ቁመት የሚባለውም የዚያች ዝቅታ ቁመት ነው። ዝቅታዋን ስትሞሉ ሣሩን ጫር ጫር አድርጋችሁ አንሡ፣ አፈሩን በ15 ሳንቲ ሜትር ንብብር እያረጠባችሁ ደቅድቁ። እርጥበቱ ልክ የሚሆነው ጭብጥ ስታደርጉት ሳይፈርስ ቀርቶ መዳፍን ሳያረጥብ ሲቀር ነው። በገልባጭ መኪና ተደፍቶ የተተወ አፈር የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይወስደዋል።

ማስተንፈሻው አይነካ

የጎርፍ መጠን ማስያው ቀላል ነው፦ የማስተንፈሻው ስፋት በሜትር፣ ሲባዛ 1.7፣ ሲባዛ የውኃው ጥልቀት፣ ሲባዛ የጥልቀቱ ካሬ ሥር። 10 ሜትር ስፋት ያለው ማስተንፈሻ በ60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሲፈስ በሰከንድ 7.9 ሜትር ኩብ ያሳልፋል። አሁን አንድ ሰው ሐይቁ ትንሽ ከፍ እንዲል ብሎ ወለሉ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ደረደረ እንበል። ለጎርፉ የቀረው ጥልቀት 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሚያልፈው ደግሞ በሰከንድ 2.8 ሜትር ኩብ ብቻ ይሆናል። ጥልቀቱ በግማሽ ቢቀንስም የማሳለፍ አቅሙ ወደ አንድ ሦስተኛ ወርዷል። በአሸዋ ከረጢት፣ በሳንቃ፣ በሲሚንቶ ቢሠራም ሒሳቡ ያው ነው።

መረብም እንዲሁ ነው። ዓሣ እንዳያመልጥ ተብሎ በማስተንፈሻው አፍ ላይ የሚወጠር ሽቦ ወይም መረብ፣ የነሐሴ ጎርፍ የማሽላ አገዳና ቅርንጫፍ ይዞ ሲመጣ በአጭር ጊዜ ግድግዳ ይሆናል። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ሳውዝ ፎርክ የሚባለው ግድብ የሀብታሞች የዓሣ ማስገሪያና የመዝናኛ ክበብ ሐይቅ ነበር። ሠረገላ እንዲተላለፍበት አናቱን ዝቅ አድርገውታል፣ ማስተንፈሻው ላይ የዓሣ መረብ ነበረበት፣ ከሥር ውኃ የሚያስወጡት የብረት ቧንቧዎች ደግሞ ቀደም ብለው ተነቅለው ተሸጠዋል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1889 ከባድ ዝናብ ጥሎ ውኃው በአናቱ ላይ አለፈና ግድቡ ተሰበረ፤ 2,209 ሰው ሞተ። ሦስቱም ለውጦች ዛሬ በየትኛውም ትንሽ ግድብ ላይ የሚሠሩ ዓይነት ናቸው።

ዓሣው የሚያሳስባችሁ ከሆነ መረቡን ከማስተንፈሻው አፍ አርቃችሁ ከሐይቁ ውስጥ ከልሉበት፣ ለቆሻሻው ደግሞ ከአፉ 15 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብታችሁ በሽቦ ገመድ የተያያዘ ተንሳፋፊ ግንድ ዘርጉ። ግንዱ ከውኃው ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል ጎርፉን አይዘጋም።

የማስተንፈሻው መጨረሻ፣ ውኃው ወደ ወንዙ የሚወርድበት፣ በየክረምቱ ይታይ። ፏፏቴ የመሰለ እርከን ከተፈጠረ ውኃው ወደ ኋላ እየቆረሰ ወደ ሐይቁ እየመጣ ነው። ችካል ትከሉና ከችካሉ እስከ እርከኑ ጫፍ ያለውን ርቀት በመስከረም ለኩ። በሚቀጥለው ዓመት ጫፉ ቀርቦ ከተገኘ ጊዜ አትስጡት፤ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) በሥሩ ጠጠር ተነጥፎለት ይሠራ። ያለ ጠጠር ንጣፍ የተቀመጠ ጋቢዮን አፈሩ ከሥሩ እየታጠበ ይሰምጣል።

በሆዱ የሚያልፍ ውኃ

ፈጽሞ ውኃ የማያሰርግ የአፈር ግድብ የለም። ማወቅ የሚያስፈልገው ምን ያህል እንደሚሰርግ፣ ከየት እንደሚወጣና ጥርት ያለ ወይም ድፍርስ መሆኑን ነው።

ለመለካት ከግርጌው የሚወጣውን ውኃ በአንዲት ጠባብ ቦይ ሰብስቡ። ከላሜራ ላይ 90 ዲግሪ የሆነ ሹል አፍ ወደ ታች ቆርጣችሁ ቦዩን አቋርጦ እንዲቆም አድርጉ፣ ጎንና ጎኑን በሸክላ ጭቃ ድፈኑ። ከላሜራው 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ውኃው ከሹሉ ጫፍ በላይ ምን ያህል እንደቆመ በማስመሪያ ለኩ። 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በሰከንድ 0.2 ሊትር ገደማ፣ 5 ከሆነ 0.8፣ 7 ከሆነ 1.8፣ 10 ከሆነ 4.4 ሊትር ነው። ላሜራ ባይኖር 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት የሚፈጀውን ሰከንድ ቁጠሩ፤ በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው።

ቁጥሩን ከሐይቁ ከፍታ ጋር አብራችሁ ጻፉ። ሐይቁ ሲሞላ መጨመሩ የሚጠበቅ ነው። ሐይቁ እዚያው ሆኖ፣ ዝናብም ሳይጥል መፍሰሱ ከጨመረ ግን ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ተለውጧል። በድንገት መቀነሱም ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ ውኃው ሌላ መውጫ አግኝቶ ሊሆን ይችላል፣ ግርጌውን ዞራችሁ ፈልጉ።

ድፍርስነትን ለመለየት ግልጽ ሃይላንድ ሙሉና ሌሊቱን ሳይነካ አሳድሩት። ጠዋት ሥሩ ላይ አፈር ከዘቀጠ ግድቡ ከውስጡ እየተሸረሸረ ነው። ይህ ሐይቁን ዝቅ የማድረግ ሥራ ወዲያው የሚጀመርበት ምልክት ነው።

አፈራችሁ በጠራ ውኃ ሳይቀር የሚሟሟ ዓይነት መሆኑን ደግሞ በአንድ ብርጭቆ ማወቅ ይቻላል። በተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ውስጥ የአተር ፍሬ የምታህል የግድቡን አፈር ቅንጣት በቀስታ ጣሉና አታማስሉ። እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ዙሪያዋ እንደ ጉም ከደፈረሰ አፈሩ በውኃ ውስጥ ተበትኖ የሚሄድ ነው፤ በእንዲህ ያለ ግድብ ላይ ትንሿም ስንጥቅ ቶሎ ቀዳዳ ትሆናለች።

ግርጌው ላይ ውኃ እንደ ምንጭ እየፈላ አሸዋ ሲያወጣ ካያችሁ አትድፈኑት። በብዙ ቦታ የሚደረገው ስህተት ጭቃና ሲሚንቶ መጠቅጠቅ ነው። ግፊቱ ስለማይጠፋ ውኃው በሌላ ደካማ ቦታ ይወጣል፣ ወይም ግርጌውን ያነሣዋል። መያዝ ያለበት አፈሩ ነው፤ ውኃው ይውጣ። በመጀመሪያ ንጹሕ ሻካራ አሸዋ 20 ሳንቲ ሜትር፣ በላዩ ጠጠር 20 ሳንቲ ሜትር፣ በላዩ ድንጋይ አድርጉ። አሸዋው ራሱ እየተገፋ ከሄደ ዙሪያውን በአሸዋ ከረጢት ክበብ ሠርታችሁ ውኃው ውስጡ ከፍ ብሎ እንዲቆም አድርጉ፤ ክበቡ ከፍ የሚደረገው ውኃው አፈር ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ የምትጠረጥሩት ቦታ በግድቡ ውስጥ የሚያልፈው የመውጫ ቧንቧ ዙሪያ ይሁን። ከቧንቧው ጎንና ሥር ያለውን አፈር በደንብ መደቅደቅ ስለማይቻል ውኃ ቧንቧውን ተከትሎ ይወርዳል። በቧንቧው ውስጥ ሳይሆን በውጭ በኩል የሚያንጠባጥብ ካለ ለመሐንዲስ የሚነገር ነው፤ መፍትሔውም በጀርባው በኩል በቧንቧው ዙሪያ የአሸዋ ማጣሪያ መሥራት ነው።

ስንጥቅ፣ ዋልካና በልግ

በወሎ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል። የክረምቱን ሁሉም ይጠብቀዋል። ግድብ ጠባቂን የሚያዘናጋው የበልጉ ነው። ግድቡ ዋልካ ካለበት ከኅዳር ጀምሮ ይደርቃል፣ በጥርና በየካቲት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ የበልግ ዶፍ ሊወርድበት ይችላል። ስለዚህ የስንጥቅ ፍተሻ በጥር ይደረጋል፤ የክረምቱ ዝግጅት ደግሞ በግንቦት።

ስንጥቆቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። እንደ ደረቀ ኩሬ ወለል ተበታትነው የሚታዩት የድርቀት ናቸው፤ ዘንግ አስገብታችሁ ጥልቀታቸውን ለኩ፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ካልዘለቁ በደቃቅ አፈር ሞልታችሁ አርጥቡ። በአናቱ ርዝመት የሚሄድ፣ በተለይም ቅስት ሠርቶ አንዱ ወገን ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ተዳፋቱ ሊንሸራተት እየተዘጋጀ ነው። ግድቡን ከውኃው ወደ ጀርባው የሚያቋርጠው ግን የከፋው ነው፤ ለውኃ የተዘጋጀ መተላለፊያ ነውና ሐይቁን ከስንጥቁ ሥር በታች ሳታወርዱ አትደሩ።

አቋራጩን ለመጠገን በመጀመሪያ በቀጭኑ የተበጠበጠ ኖራ አፍስሱበት። ስትቆፍሩ ነጩ መስመር ስንጥቁ የሄደበትን ያሳያችኋል፤ ያለ ኖራ የተቆፈረ ስንጥቅ ከአካፋ ሥር ይጠፋል። መስመሩ ካለቀ በኋላ 30 ሳንቲ ሜትር ጨምራችሁ ቆፍሩ፣ ጎኖቹን ዘንበል አድርጉ፣ እያረጠባችሁ በ15 ሳንቲ ሜትር ንብብር መልሱት። በመጨረሻ የዋልካውን አናት በጠጠር በተቀላቀለ ቀይ አፈር 30 ሳንቲ ሜትር አልብሱት፤ ፀሐይ ዋልካውን ካላገኘችው በየዓመቱ አይሰነጠቅም።

የምትጠራጠሩበትን ስንጥቅ በግራና በቀኙ ሁለት ችካል ተክላችሁ በየሳምንቱ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩ። ወሎ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬንና ማጀቴን የመታው ርዕደ መሬት ከዚሁ መስመር ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ከተሰማ በዚያው ቀን አናቱን፣ ግርጌውንና የቧንቧውን መውጫ ፈትሹ፤ የሚፈሰውንም ለኩ።

ባሕር ዛፍና ጃርት

ግርጌው ርጥብ ስለሆነ ባሕር ዛፍ ይበቅልበታል፣ ባለቤቱም አጠና ያገኝበታል። ይሁን እንጂ ሥሩ ሲሞትና ሲበሰብስ ለውኃ ቱቦ ትቶ ይሄዳል፤ ንፋስ ሲጥለው ደግሞ ትልቅ ጉድጓድ ይነቅላል። በግድቡ ላይና ከግርጌው እስከ 15 ሜትር ድረስ ዛፍ አይኑር። ግንዱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያልወፈረውን ከመሬት እኩል ቁረጡና ቡቃያውን ተከታተሉ። ከዚያ የወፈረውን ሐይቁ ሙሉ ሳለ ነቅላችሁ አታውጡ፤ ውኃው ወርዶ፣ መሐንዲስ ባለበት፣ ጉድጓዱ ተደቅድቆ እየተሞላ ይሠራ።

ለጀርባው ከሰርዶ የተሻለ ነገር የለም። ይንሰራፋል፣ አፈሩን ይይዛል፣ ሲረገጥም ይችላል። ሣሩ ታጭዶ አጭር ይሁን፤ ጉልበት የደረሰ ሣር ውስጥ ርጥበትም ጉድጓድም አይታይም። ከብት አይሰማራበት።

የጃርት፣ የፍልፈልና የአዋልድጌሳ ጉድጓድ ባዶ መሆኑን አረጋግጣችሁ 9 እጅ አፈርና 1 እጅ ሲሚንቶ በውኃ በጥብጣችሁ በቱቦ አፍስሱበት። ከላይ ብቻ የተጠቀጠቀ ጉድጓድ ከውስጥ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ውኃውን ዝቅ ማድረግ

የመውጫው ቫልቭ በዓመት ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይዘጋ፣ አንዱ በግንቦት ይሁን። ለዓመታት ያልተነካ ቫልቭ በአደጋ ሌሊት አይከፈትም።

ቧንቧ የሌለው ወይም በደለል የተደፈነ ከሆነ በአናቱ ላይ የሚሻገር የመሳቢያ ቱቦ ይሠራል። ግድግዳው ጠንካራ የሆነ 6 ኢንች ፕላስቲክ ቱቦ፣ በሁለቱም ጫፍ ቫልቭ፣ በአናቱ ላይ የውኃ መሙያ አፍ ያስፈልጋል። ሁለቱን ቫልቮች ዝጉ፣ በአናቱ በኩል አየር እስኪወጣ ሙሉ፣ መሙያውን አጥብቃችሁ ክደኑ፣ በመጀመሪያ የሐይቁን ከዚያ የታችኛውን ክፈቱ። የታችኛው ጫፍ ከግርጌው ርቆ በድንጋይ ላይ ይፍሰስ። በደጋው አየሩ ስስ ስለሆነ የቱቦው አናት ከሐይቁ ውኃ ገጽ ከ4.5 ሜትር በላይ ከፍ ካለ ቱቦው ውኃውን ይቆርጠዋል።

ሐይቁ ከታችኛው ጫፍ በ3 ሜትር ከፍ ብሎ ቱቦው 40 ሜትር ያህል ቢረዝም፣ በሰከንድ 40 ሊትር ገደማ መጠበቅ ይቻላል። በ24 ሰዓት ወደ 3,450 ሜትር ኩብ ነው፤ የ2 ሄክታሩን ሐይቅ 17 ሳንቲ ሜትር ያወርዳል። ይህ ጥሩ ፍጥነት ነው። አስቸኳይ ካልሆነ በቀን ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ አታውርዱ፤ ደረቱ ውስጥ የሰረገው ውኃ ሳይወጣ ደግፎት የነበረው ሐይቅ ከሸሸ ደረቱ ይናዳል።

ለሚዝናናው ሰው

ከመውጫ ቧንቧው አፍ ዙሪያ 20 ሜትር በገመድና በተንሳፋፊ ጀሪካን ይከለል፤ ቫልቩ ሲከፈት የሚስበው ኃይል ዋናተኛን ከአፉ ላይ ያጣብቀዋል። ማስተንፈሻው በሚፈስበት ቀን ጀልባ አይውጣ።

በየ50 ሜትሩ አንድ የተከደነ ቢጫ ጀሪካን ከ20 ሜትር ገመድ ጋር ስቀሉ። ውስጡ 1 ሊትር ውኃ ይኑር፤ ባዶው ሲወረወር ንፋስ ይመልሰዋል። በጂኦሜምብሬን (ውኃ በማያሰርግ የፕላስቲክ ንጣፍ) የተለበጠ ኩሬ ከሆነ ደግሞ ርጥቡ ፕላስቲክ ስለሚያንሸራትት የገባ ሰው ዳሩን ይዞ መውጣት አይችልም። በአራቱም ጎን ቋጠሮ ያለበት ገመድ ከላይ ታስሮ እስከ ወለሉ ይውረድ።

ቀንድ አውጣ ባለበት የሐይቅ ዳር ቢልሃርዚያ ይጠረጠራል፤ ከጤና ጣቢያው ጋር ሳትነጋገሩ ለዋና አትክፈቱ።

አደጋ ሲመጣ

ከታች ያሉትን ቤቶች በእግር ወርዳችሁ መዝግቡ፤ የበጋ ደረቅ ወንዝ ውስጥ የሚያድሩ ከብት ጠባቂዎችና አሸዋ ጫኞችም ይቆጠሩ። ሰዎቹ የሚሸሹበት ከፍታ ቀድሞ ይመረጥ፣ ወንዙን የሚያሻግር መንገድ አይሁን።

ሦስት ደረጃ ይበቃል። መፍሰሱ ከጨመረ ወይም አዲስ ስንጥቅ ከታየ፦ በየሁለት ሰዓቱ ለኩ፣ ቫልቩን ክፈቱ፣ ለወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ድፍርስ ውኃ፣ የሚፈላ አሸዋ ወይም በሐይቁ ላይ አዙሪት ከታየ፣ ወይም ጎርፉ ከአናቱ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከቀረው፦ ቀበሌና ፖሊስ ይጠራ፣ ሕፃናትና አረጋውያን ይውጡ፣ ለአደጋው ሥራ ካልሆነ በቀር ማሽንና ሰው ወደ ግድቡ አይሂድ። ውኃ በአናቱ ማለፍ ከጀመረ ወይም ጀርባው ከተናደ፦ ሁሉም ይውጣ።

ሌሊት ስልክ አይደርስም፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ በባትሪ ይሥራ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና የእድሩ ጥሩንባ አንድ የተስማሙበት አመታት ይኑራቸው፤ ለቀብር ከሚነፋው የተለየ ይሁን። በግንቦት አንድ ምሽት ይሞከር፣ በመጨረሻው ቤት ያለው ሰው መስማቱ ይጠየቅ። ወደ ቤት መመለስ የሚፈቅደው አንድ የተሰየመ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሚፈቅደው በሹል አፉ የተለካው ውኃ ጠርቶ፣ ሐይቁ ከማስተንፈሻው ወለል ከ1 ሜትር በላይ ከወረደ በኋላ ነው።